ቄሳር የተገደለው ድሃ ስለወደደ አይደለም

ሰሞኑን ስለ ጁሊየስ ቄሳር ሕይወትና አሟሟት የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ሰው ለሰው ሲቀባበለው ከርሟል። እኔም ጋ ከብዙ አቅጣጫ ደረሰ። አነበብኩት። ቋንቋው ያምራል፤ አንዴ ከጀመሩት አያስቀምጡትም። ታሪኩ ግን ተጣሟል። ያውም ጫፍ ጫፉ ሳይሆን ከመሠረቱ። ስለዚህ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

መጀመሪያ ጸሐፊው ያሉትን ሳላዛባ ላስቀምጥ። ቄሳር የድሃ ወገን ነበር ይላሉ። መሬት አከፋፈለ፣ ዕዳ አቀለለ፣ በዚህም ጥቂት ባለጠጎች ጥርስ ነከሱበት። የጎል ዘመቻው ለአውሮፓ ሥልጣኔ ያመጣ ሥራ ነው። የእርስ በርስ ጦርነቱን የጫሩት ባላንጣዎቹ እንጂ እሱ አይደለም። ካሸነፈ በኋላ ሁሉንም ይቅር አለ፤ ዘውድ ሲቀርብለትም አልቀበልም አለ። ዕድሜ ልካቸውን ሲጠሉት የኖሩት እነዚያው ሰዎች ግን ሴኔቱ አዳራሽ ውስጥ ከበው ወጉት። ከእነሱ መሃል የገዛ ልጁ ብሩተስ ነበረበት፤ ቄሳርም «አንተም ብሩተስ?» ብሎ ሞተ። ባይገድሉት ኖሮ ሮም በንጉሠ ነገሥታት እጅ አትወድቅም ነበር። በዚያ ላይ የዛሬው የእኛ የዘመን አቆጣጠር ራሱ የቄሳር ስጦታ ነው ይላሉ።

ከዚህ ውስጥ እውነት የሆነ አለ። ቦታው ላይ ስደርስ እቀበላለሁ። ዋናው ሐሳብ ግን፣ ማለትም ቄሳር ለድሃ በማዘኑ የተገደለ ሰማዕት ነው የሚለው፣ አያስኬድም። ከዚህ በታች የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ ከክርስቶስ ልደት በፊት ናቸው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ጊዜው ወደ እኛ እየቀረበ መሆኑን ልብ በሉ።

ከድሃ ወገንተኝነቱ ልጀምር፤ የጽሑፉ ምሰሶ እሱ ነውና። ቄሳር ለተራው ሕዝብ ምንም አላደረገም አልልም። በ59 ኮንሱል፣ ማለትም በየዓመቱ ከሚመረጡት ሁለት የሮም የበላይ ሹማምንት አንዱ፣ ሆኖ ያወጣው የመሬት ሕግ ቀልድ አልነበረም። ሦስትና ከዚያ በላይ ልጅ ላላቸው 20,000 ዜጎች ካምፓኒያ ውስጥ መሬት ሰጥቷል። ሥልጣን ከያዘ በኋላ አነስተኛ ቤት ለተከራዩ ሰዎች የአንድ ዓመት ኪራይ ምሯል። በኑዛዜው ደግሞ ለእያንዳንዱ የሮም ዜጋ 300 ሴስተርስ ትቷል፤ ከቲቤር ወንዝ ማዶ የነበረውን የአትክልት ስፍራውንም ለሕዝብ አውርሷል። ይህን ጸሐፊው በትክክል ጠቅሰውታል።

ያልጠቀሱት ግን አለ። በዚያ ዘመን ሮም ከተማ ውስጥ በመንግሥት ወጪ ስንዴ በነጻ የሚሰፈርላቸው ሰዎች 320,000 ነበሩ። ቄሳር ሥልጣኑን ጠቅልሎ ሲይዝ በየሰፈሩ በአከራዮቹ በኩል ቆጠራ አስደረገና መዝገቡን ወደ 150,000 አወረደው። ከግማሽ በላይ የሚሆነው ሰው ተሰረዘ ማለት ነው። ወደ 80,000 የሚሆኑትን እኮ ባሕር ማዶ አስፍሯቸዋል የሚለኝ ይኖራል። እውነት ነው፤ ካርቴጅና ቆሮንቶስ እንደገና የተቆረቆሩት በዚያው እቅድ ነው። ግን 80,000ን ከ170,000 ላይ ቀንሱና የተረፈውን እዩት። ያ ሁሉ ሰው የዕለት እንጀራውን ያጣው በቄሳር እጅ ነው።

ዕዳውም እንደዚሁ ነው። የሮም ባለዕዳ ቄሳር ሲያሸንፍ ዕዳችን በሙሉ ይሰረዛል ብሎ ጠብቆ ነበር። አልተሰረዘም። ቄሳር ያደረገው የባለዕዳው ንብረት ከጦርነቱ በፊት በነበረው ዋጋ እንዲገመትና ለአበዳሪው እንዲተላለፍ ነው። አስተዋይ መፍትሔ ነበር፤ ገበያው እንዳይፈርስ አድርጓል። ነገር ግን ያዳነው ባለዕዳውን ብቻ ሳይሆን አበዳሪውንም ጭምር ነው። በ47 ሙሉ ስረዛ የጠየቁ ሰዎች ሮም መሃል ሲያምጹ፣ በቄሳር ስም ከተማዋን ይዞ የነበረው ማርክ አንቶኒ ወታደር አስገብቶ በጉልበት በተናቸው፤ ብዙ ሰው አለቀ። ከዚያ በኋላ ቄሳር ከጥንት የቆዩትን ብቻ አስቀርቶ የከተማውን ማኅበራት በሙሉ አፈረሰ። ተራው ሰው የሚሰባሰብባቸው፣ ሲሞት የሚቀባበርባቸው ማኅበራት ነበሩ እነዚህ።

እንግዲህ ባለጠጎቹ የገደሉት ለድሃ ስላደላ ነው ከተባለ ጥያቄው ይህ ነው፤ የመሬት ሕጉ የወጣው በ59 ነው፣ ግድያው የተፈጸመው በ44። 15 ዓመት ለምን ጠበቁ? በመጨረሻዎቹ ዓመታት እኮ ቄሳር ለሀብታሙ ከበፊቱ ይልቅ የሚመች ሰው ሆኖ ነበር።

ወደ ጎል ልሂድ፤ የዛሬዋ ፈረንሳይና አካባቢዋ ማለት ነው። «ሥልጣኔ አመጣ» የሚለውን ሳነብ በጣም አዘንኩ። በ57 አቱዋቱኪ የተባለው ሕዝብ ከተማ ሲያዝ ቄሳር ነዋሪውን በአንድ ጊዜ በጅምላ ለባሪያ ነጋዴ ሸጠ። ቁጥሩን ራሱ ጽፎታል፤ 53,000 ሰው። በ51 ኡክሰሎዱኑም የተባለች አምባ ለረጅም ጊዜ ከተከላከለች በኋላ ውሃዋ ተቆርጦ እጅ ሰጠች። ቄሳር መሣሪያ ያነሱትን ሁሉ እጃቸውን አስቆረጠና ለሌላው መቀጣጫ ይሁኑ ብሎ በሕይወት ለቀቃቸው። ይህንን ጠላቶቹ የፈጠሩበት ወሬ እንዳይመስላችሁ። የጦርነቱን ታሪክ የጨረሰለት የገዛ መኮንኑ ነው፤ ድርጊቱን የሚተርከውም እንደ ጥሩ ሥራ ነው። የጥንቱ ግሪካዊ ጸሐፊ ፕሉታርክ በጎል ዘመቻ አንድ ሚሊዮን ሰው ሞተ፣ አንድ ሚሊዮን ተማረከ ይላል። የጥንት ሰዎች ቁጥር ሲያበዙ ይታወቃሉና ግማሹን ጣሉት ብትፈልጉ። የሚቀረውም ያስፈራል።

ለሮም ድሃ የተበተነው ገንዘብ የመጣው ከዚሁ ነው። ድሃ ማለት ሮም ከተማ ውስጥ የሚኖር ድሃ ብቻ ካልሆነ በቀር፣ ያቺ እጁን የተቆረጠ ገበሬ ያለባት አምባ በሒሳቡ ውስጥ መግባት አለባት።

ስለ እርስ በርስ ጦርነቱ ግን ጸሐፊው ከሚታሰበው በላይ ትክክል ናቸው፤ እዚህ ላይ እስማማለሁ። በ50 መጨረሻ ቄሳርም ባላንጣው የጦር መሪ ፖምፔም እኩል ጦራቸውን ይልቀቁ የሚል ሐሳብ ለሴኔቱ ቀርቦ 370 ሰው ሲደግፈው የተቃወሙት 22 ብቻ ነበሩ። ሰላም የፈለገው ብዙኃኑ ነው። ጥቂት አክራሪዎች ያንን ድምፅ ረግጠው ነገሩን ወደ ጦርነት ገፉት። ቄሳር ጦሩን ለቅቆ ብቻውን ሮም ቢገባ ክስ እንደሚጠብቀውም ያውቃል። ይህ ሁሉ ሐቅ ነው።

ነገር ግን ከዚህ ተነስቶ ተገድዶ ነው ማለት ሌላ ነው። በጃንዋሪ 49 ጦሩን ይዞ የጣሊያን ድንበር የነበረውን የሩቢኮን ወንዝ ሲሻገር የጠቀሰው ምክንያት ምን ነበር? ራሱ በጻፈው ታሪክ ውስጥ ክብሬ ከሕይወቴ ይበልጥብኛል ይላል። ሁለተኛ ደግሞ የሕዝብ ትሪቡኖች መብት ስለተደፈረ ነው ይላል። ትሪቡን ማለት ተራውን ሰው ከባለሥልጣን በደል እንዲጠብቅ የሚመረጥ፣ ሰውነቱ የማይነካ ሹም ነው። ጥሩ። በዚያው ዓመት ቄሳር ሮም ገብቶ ሳተርን ቤተ መቅደስ ውስጥ የሚቀመጠውን የመንግሥት ግምጃ ቤት ሊከፍት ሲል ሜቴለስ የተባለ ትሪቡን በሩ ላይ ቆመና ሕግ አይፈቅድልህም አለው። ቄሳር እንደሚያስገድለው ዛተበት። ሰውየው ዞር አለ፤ ወርቁም ተወሰደ። በ44 መጀመሪያ ደግሞ ማሩለስና ፍላቩስ የተባሉ ሁለት ትሪቡኖች በቄሳር ሐውልት ራስ ላይ የተደረገውን የንጉሥ ጥምጥም አወለቁና ያደረጉትን ሰዎች አሰሩ። ቄሳር ሁለቱንም ከሥልጣን አስነሳቸው። ለትሪቡኖች መብት ብሎ ጦርነት ከፍቶ ትሪቡኖችን የሚያባርር ሰው መጀመሪያ የሰጠው ምክንያት እውነት ነበር ብዬ ለማመን እቸገራለሁ።

አሁን ወደ ገዳዮቹ። ጽሑፉ በጣም የሳተው እዚህ ነው፤ እኔም ሰፋ አድርጌ ልናገርበት እፈልጋለሁ።

ገዳዮቹ «ዕድሜ ልካቸውን የጠሉት ጥቂት ሰዎች» አልነበሩም። የሮም ታሪክ ጸሐፊው ሱቶኒየስ እንደጻፈው በሴራው የገቡት ከ60 በላይ ናቸው። ከመካከላቸው በፖምፔ ወገን ተሰልፈው በኋላ ይቅርታ ያገኙ ነበሩ፤ ማርከስ ብሩተስና ካሲየስ ከእነሱ ናቸው። ሌሎቹ ግን የቄሳር የራሱ ሰዎች ነበሩ። ትሬቦኒየስ ጎል ውስጥ ጦር የመራለት፣ በ45 ኮንሱልነት የሾመው ሰው ነው። ሰርቪየስ ጋልባ ጎል ላይ ሌጌዎን አዝዞለታል። ባሲለስም እንዲሁ። ካስካና ኪምበር ከወዳጆቹ ይቆጠሩ ነበር። ያጎረሰ እጁን ነው የተነከሰው።

ከሁሉ የሚደንቀው ዴሲመስ ብሩተስ ነው። ብዙ ሰው ከታዋቂው ብሩተስ ጋር ያምታታዋል፤ ዘመድ ቢሆኑም ሁለት ሰዎች ናቸው። ዴሲመስ ገና በወጣትነቱ በ56 ቬኔቲ ከተባሉት ባሕርተኞች ጋር በተደረገው ጦርነት የቄሳርን መርከቦች መርቶ ድል ያመጣ ነው። በ49 በማሳሊያ ከበባ ላይም ባሕሩን የያዘለት እሱ ነው። ቄሳር ለመጪው ዘመን ኮንሱልነት መድቦታል። በኑዛዜውም ዋናዎቹ ወራሾች ባይኖሩ ከሚተኩት ሰዎች ተርታ ስሙን አስገብቶታል። ማርች 14 ማታ ቄሳር ሌፒደስ ቤት እራት ሲበላ ዴሲመስ አብሮት ነበር። ጨዋታው ዞሮ ዞሮ የትኛው አሟሟት ይሻላል ወደሚለው ደረሰ። ቄሳር ያልተጠበቀው ነው አለ።

በማግስቱ ጠዋት ሚስቱ ካልፑርኒያ ክፉ ሕልም አይታ ተነሳችና ዛሬ ከቤት አትውጣ ብላ ለመነችው። እሱንም አሞት ነበር። ሊቀርም ወስኖ፣ ስብሰባው ይበተን ብሎ አንቶኒን ሊልክ ነበር። ይህን ጊዜ ነው ዴሲመስ የመጣው። ሴኔቱ ራስህ ጠርተኸው ተሰብስቦ እየጠበቀ፣ ካልፑርኒያ ደህና ሕልም እስክታይ ተበተኑና ሌላ ቀን ኑ ሊባል ነው ወይ? ጠላቶችህ ምን ይላሉ? እያለ እጁን ይዞ ከቤት አስወጣው። መንገድ ላይ አርጤሚዶሮስ የተባለ የግሪክ መምህር ሴራውን በዝርዝር የጻፈበትን ወረቀት ሰጠው፤ አሁኑኑ፣ ብቻህን አንብበው አለው። የሚገፋፋው ሰው ብዛት ፋታ አልሰጠውም። ወረቀቱን እንደጨበጠ ገባ። ትሬቦኒየስ ደግሞ አንቶኒን ውጭ ወሬ ያዘው፤ ጉልበተኛ ስለነበረ ውስጥ እንዳይገኝ ነው።

አሁን ጸሐፊውን ልጠይቅ። ይህ የዕድሜ ልክ ጠላት ሥራ ነው? ጠላት ቢሆን እንዲያ ቤቱ ዘልቆ እጁን ይዞ አያወጣውም ነበር። ቄሳር የተገደለው በወዳጆቹ ነው። ስለዚህ የሚያስፈልገን ማብራሪያ የገዛ ሰዎቹ፣ በእሱ የከበሩት፣ ለምን ገደሉት የሚለውን የሚመልስ ነው። «ባለጠጎች ጠሉት» ይህን አይመልስም።

የሚቀጥሉትን ቶሎ ቶሎ ልበላቸው። ግድያው የተፈጸመው ሴኔቱ ዘወትር በሚሰበሰብበት አዳራሽ አይደለም። እሱ በ52 በአንድ ፖለቲከኛ ቀብር ላይ በተነሳ ሁከት ተቃጥሎ ነበር። የተገደለው ፖምፔ ባሠራው ቲያትር ቅጥር ውስጥ ባለ የስብሰባ ክፍል፣ በፖምፔ ሐውልት እግር ሥር ነው። ልጁ ነው የሚለውም አይሆንም። ቄሳር የብሩተስን እናት ሰርቪሊያን ይወድ ነበር፤ ይህ በሮም ሁሉ የታወቀ ነው። ነገር ግን ብሩተስ የተወለደው በ85 ነው፤ ቄሳር ያኔ ገና የ15 ዓመት ልጅ ነበር። «አንተም ብሩተስ» የሚለውን ዓለም ያወቀው ከሼክስፒር ቴአትር ነው። ሱቶኒየስ ቄሳር አንዴ ከማቃሰቱ በቀር ቃል ሳይናገር ሞተ ይላል፤ ጨምሮም በግሪክኛ «አንተም ልጄ» አለ የሚሉ አሉ ብሎ ያልፈዋል። 23 ቦታ ነው የተወጋው። ሐኪሙ አንቲስቲየስ ሬሳውን መርምሮ ገዳዩ ቁስል ሁለተኛው፣ ደረቱ ላይ ያረፈው ብቻ ነው ብሏል።

ብሩተስ ንጹሕ ሰው አልነበረም በሚለው ግን ጸሐፊውን አልከራከርም። እንዲያውም ልጨምርላቸው። ይህ የነጻነት ሰው የሚባለው ብሩተስ በሌላ ሰው ስም ተሸፍኖ ቆጵሮስ ላይ ለሳላሚስ ከተማ በዓመት 48 በመቶ ወለድ ገንዘብ ያበደረ ነው። ገንዘቡን ለማስከፈል የሄደው ወኪሉ ፈረሰኛ ይዞ የከተማዋን ምክር ቤት ከበበና አምስት አባላት ውስጥ እንደታገቱ በረሃብ ሞቱ። ይህን የምናውቀው አገሩን በኋላ ያስተዳደረው ሲሴሮ በደብዳቤዎቹ ስለጻፈው ነው። ስለዚህ እኔ ገዳዮቹን ቅዱስ ላደርጋቸው አልተነሳሁም። የእነሱ ክፋት ግን ቄሳርን የድሃ ሰማዕት አያደርገውም።

ወደ ዘውዱ ጉዳይ እንምጣ። አዎን፣ ፌብሩዋሪ 15 ቀን 44፣ በሉፐርካሊያ በዓል ላይ አንቶኒ ዘውድ ሲያቀርብለት ቄሳር ሕዝቡ ፊት አልቀበልም ብሏል። ጸሐፊው ይህን ይዘው ንጉሥነት አልፈለገም ይላሉ። ያንኑ ሰሞን የተቀበለውን ግን አላነሱትም።

ዲክታተርነት በሮም ሕግ የታወቀ ሥልጣን ነው። አገር ሲጨነቅ ለአንድ ሰው ይሰጣል፤ ቢበዛ ለስድስት ወር ነው። ቄሳር በ49 ሲሾም 11 ቀን ብቻ ቆይቶ ለቀቀ። በ48 ለአንድ ዓመት ተሾመ። በ46 ለአሥር ዓመት። በ44 መጀመሪያ ላይ ለዕድሜ ልክ። ቅደም ተከተሉን እዩት። 11 ቀን፣ ዓመት፣ አሥር ዓመት፣ ከዚያ ማብቂያ የለውም። ዘውዱን አልፈልግም ባለበት ወር ውስጥ ይህንኛውን በእጁ ይዞ ነበር። በወርቅ ወንበር ተቀምጦ፣ የጥንት ነገሥታት ይለብሱት የነበረውን ሐምራዊ ልብስ ለብሶ፣ ገንዘብ ላይ መልኩን አስቀርጾ። በሕይወት ያለ ሰው መልክ በሮም ገንዘብ ላይ ሲወጣ የመጀመሪያው ነው።

ከእሱ በፊት ሱላ ያለ ገደብ ዲክታተር ሆኖ ያውቃል፤ ብዙ ደም ያፈሰሰ ጨካኝ ነበር። እሱ እንኳ በፈቃዱ ለቅቆ ቤቱ ገባ። ቄሳር ስለዚህ ሲናገር ሱላ ሥልጣኑን መልቀቁ ፊደል ያለመቁጠሩ ነው ማለቱ ተጽፏል። የሰሙት ሰዎች የገባቸው ግልጽ ነው። ይሄ ሰው አይለቅም።

ይህ ለሮም ሹመኛ ምን ማለት እንደሆነ አንድ ቀን ብቻ ላሳያችሁ። በ45 የመጨረሻ ዕለት፣ ዲሴምበር 31 ጠዋት፣ ከኮንሱሎቹ አንዱ በድንገት ሞተ። ቄሳር ካኒኒየስ ሬቢለስ የሚባል ሰው ከቀትር በኋላ አስመረጠ። ሥልጣኑ በማግስቱ ማለዳ አለቀ። ሲሴሮ በካኒኒየስ ዘመን ምሳ የበላ ሰው የለም፣ ኮንሱሉም በዘመኑ ሁሉ እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም ብሎ ቀለደ። ለወዳጁ ሲጽፍ ግን ይህን ብታይ ኖሮ ታለቅስ ነበር ይላል። የሮም ሰው ልጅነቱን ሁሉ የሚደክምለት፣ አያቶቹ ስማቸውን ያስጻፉበት ሥልጣን የአንድ ከሰዓት ማሳለፊያ ሆነ። ደግሞ ቄሳር ወደ ፓርትያ ሊዘምት ስለነበር የመጪዎቹን ዓመታት ሹመት አስቀድሞ ደልድሎ ጨርሶታል። ትሬቦኒየስና ዴሲመስ ሹመት አልተነፈጉም፤ አግኝተዋል። ያጡት በራሳቸው ተወዳድሮ የማግኘትን ክብር ነው። ይህም እስከ መቼ? ማብቂያ ስለሌለው እስከ መቼም።

የገደለው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። ሌላው ሁሉ፣ ቂሙም ቅናቱም፣ ነበረ። ግን ማብቂያ ያለው ሥልጣን ቢሆን ብዙዎቹ ይጠብቁ ነበር። የሚጠበቅ ነገር ሲጠፋ ነው ሰይፍ የተመዘዘው። ቄሳር ማርች 18 ወደ ጦሩ ሊሄድ ነበር። የገደሉት በ15 ነው።

ይቅር ባይነቱን ደግሞ አልክድም፤ በእርስ በርስ ጦርነት ታሪክ ውስጥ እንደዚያ ያለ ምሕረት ብርቅ ነው። ሱላ የጠላቶቹን ስም ለጥፎ ነበር ያስገደላቸው፤ ቄሳር ብሩተስን፣ ካሲየስን፣ ሲሴሮን ማረ። ቢሆንም የቄሳር ባላንጣ የነበረው ካቶ በ46 ኡቲካ ላይ ራሱን ሲገድል የተናገረው ነገር መልስ አላገኘም። ገዥዬ ሊሆን መብት የሌለው ሰው ሕይወቴን ሲሰጠኝ ላመሰግነው አልፈልግም ነው ያለው። ነጻ ዜጋ በዜጋ አይማርም፤ የሚምር ሊገድልም የሚችል ነው። ይቅር የተባሉት ሰዎች በየቀኑ ይህን እያሰቡ ነው ደጅ የሚጠኑት።

የዘመን አቆጣጠሩን ባጭሩ ልመልስ። ቄሳር የተዘበራረቀውን የሮም አቆጣጠር ማስተካከሉ ታላቅ ሥራ ነው፤ ለማካካስ 46 ዓመተ ዓለም 445 ቀን እንዲሆን ተደርጓል። ስሌቱን የሠራለት ግን የእስክንድርያው ሊቅ ሶሲጌኔስ ነው። የእኛ ባለ 30 ቀን ወራትና ጳጉሜን ከቄሳር በፊት ግብጽ ውስጥ የነበሩ ናቸው። በየአራት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመር የሚለውም በ238 በግብጹ ንጉሥ በሦስተኛው በጥሊሞስ ታውጆ ነበር። አልጸናም እንጂ። የጸናው በአውግስጦስ ዘመን ስለሆነ የሮም እጅ አለበት፤ ይህን እሰጣለሁ። ስጦታ ከተባለ ግን ከእስክንድርያ ነው ወደ እኛም ወደ ቄሳርም የሄደው።

የቀረው «ባይገድሉት ኖሮ» ነው። ገዳዮቹ ምንም እቅድ እንዳልነበራቸው እቀበላለሁ፤ ይህ ይቅር የማይባል ጥፋታቸው ነው። ሰይፍ ይዘው ነጻነት እያሉ ወጡ፤ ከተማው ግን በሩን ዘጋ። ሬሳው ወድቆ ቆየና ሦስት ባሪያዎች በቃሬዛ ተሸክመው፣ አንድ እጁ ወደ ውጭ ተንጠልጥሎ፣ ወደ ቤቱ ወሰዱት። ማርች 17 ሴኔቱ ሲሰበሰብ ችግሩ ወለል ብሎ ወጣ። ቄሳር ሕገ ወጥ ነበር ከተባለ የሾማቸው ሁሉ ሹመታቸው ይፈርሳል። ብሩተስና ካሲየስ በዚያ ዓመት ዳኞች የሆኑት በእሱ ነው፤ ዴሲመስም ጠቅላይ ግዛቱን ያገኘው ከእሱ ነው። ስለዚህ ገዳዮቹ አይከሰሱም፣ የሟቹም ውሳኔዎች ሁሉ ይጸናሉ ተባለ። ጨቋኙን ገድለው ትእዛዙን አስከበሩ። ከዚያ ቀብሩ፣ ሕዝቡ በስም ተሳስቶ ባለቅኔውን ሲናን መግደሉ፣ የቄሳር ወራሽ የ18 ዓመቱ ኦክታቪያን መምጣት፣ በ43 መጨረሻ የሲሴሮ ራስና እጅ ሕዝብ በሚሰበሰብበት መድረክ ላይ መሰቀል፣ በ42 ፊሊጲ ላይ የብሩተስና የካሲየስ ሞት ተከታተሉ።

ነገር ግን ቄሳር ቢኖር ሪፐብሊኩ ይተርፍ ነበር የሚለው ከየት መጣ? ዕድሜ ልክ ዲክታተር ያለበት ሪፐብሊክ የቱ ነው? ሪፐብሊኩ ይመለሳል የሚል አንድ እርምጃ፣ አንድ ቃል ከቄሳር አልወጣም። አንድ ሰው ሁሉን የሚሾምበትን መንገድ ያቀናው እሱ ነው፤ ኦክታቪያን የተከተለው የእሱን ስምና የእሱን ወታደሮች ይዞ ነው።

የቄሳር የገዛ ሰዎች ራሳቸው ለምን እንደሞተ ያውቁ ነበር። አንቶኒ፣ ያ ዘውድ ያቀረበለት ሰው፣ ግድያው ከተፈጸመ ብዙም ሳይቆይ ዲክታተርነት ከሮም ሕግ ለዘላለም እንዲሰረዝ ሕግ አወጣ። ከዚያ በ22 ሮም ውስጥ ረሃብ ገባና ሕዝቡ አውግስጦስን፣ የቀድሞውን ኦክታቪያን ማለት ነው፣ ዲክታተር ሁንልን ብሎ አጥብቆ ለመነው። አውግስጦስ ተንበረከከ፣ ልብሱን ከትከሻው ጣለ፣ ደረቱን ገልጦ እባካችሁ ይህን አታድርጉብኝ ብሎ መልሶ ለመናቸው። ቄሳር የተገደለው ጸሐፊው እንደሚሉት ለድሃ በመስጠቱ ቢሆን ኖሮ አውግስጦስ የሚሸሸው መስጠቱን ነበር። እሱ ግን ስንዴውንም ሰፈረ፣ ገንዘቡንም በተነ፣ ለወታደሮቹም መሬት ሰጠ። የሸሸው ዲክታተርነቱን ብቻ ነው።